ሞተር ሳናጠፋ የገባንበት ሽምግልና

ደብረ ብርሃን ተመልሼ «ጉራጌ አገር ሄጄ ብርድ ሊገድለኝ ነበር» ብል የሚያምነኝ አጣሁ። የሱቅ ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ በዚህች ከተማ ብርድ ልብስ ሸጬ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ፣ ብርድ እንጀራዬ ነው። ጉራጌ ሲባል ደግሞ እኛ ጋ የሚታወቀው ክትፎና ንግድ እንጂ አመዳይ አይደለም። እንግዲህ ወደዚያ የሚያስኬድ ጉዳይ ለሌላችሁ ሁሉ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

የወሰደኝ የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። ሄኖክ ወልቂጤ ፊዚክስ ያስተምራል። እዚያው ትዕግስት የምትባል ልጅ ወደደ፣ እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ ዘርጋ ወልቂጤ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር ያላቸው የአገና አካባቢ ሰው ናቸው። ልጁን አልጠሉትም። በሰው በኩል የላኩት ቃል ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጨዋ ልጅ ይመስላል። ቤቱን ግን አላውቀውም፤ እዚህ አገርም ቤቱን የሚያውቅልኝ ሰው አላገኘሁም። ልጄን ለማላውቀው ቤት አልሰጥም። ሽማግሌ ይላክና ፊታቸውን ልይ።» ቀኑንም ቆረጡ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወልቂጤ ሳይሆን አገና አጠገብ ባለው የአባታቸው ቤት፣ ታላላቆቻቸው በተሰበሰቡበት። ያን ቀን ካልመጣችሁ ሁለተኛ አልቀመጥም አሉ።

እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይህ ልጅ ነው። ስትሸኘን በመስኮት እጄን ያዘችና «አስራት፣ ልጄን ሰው የሌለው እንዳታስመስሉብኝ» አለችኝ። እንባዋ ሲመጣ ሳየው መኪናውን አስነሳሁ።

ሐሙስ

ሦስት ሆነን ነው የወጣነው። አፈ ጉባኤያችን ጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ የእናታችን ወንድም፣ ሰማንያን የሚጠጉ፣ በሰርግና በለቅሶ ንግግር ደብረ ብርሃን ላይ የሚያክላቸው የለም። ሁለተኛው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ የሚናገሩት ጥቂት ሲሆን የሚናገሩትም ሁሉም ሰው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔ ሾፌር ነኝ። መኪናዋ ብርድ ልብስ የማመላልስባት አሮጌ የናፍታ ፒክ አፕ ናት፤ ከኋላ ለስጦታም ለምናልባትም ብዬ አንድ እስር ብርድ ልብስ ጫንኩባት።

ጋሽ ወርቅነህ በጎረምሳነታቸው የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ነድተዋል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር አስተያየት ነበራቸው። «አሁን ሦስተኛ ነበር» ይላሉ። «ሞተሩ እኮ ይነግርሃል፣ አትሰማውም እንጂ።» መሪጌታ መካከል ተጣብበው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ አዎ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እያልኩ ነዳሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ተዘጋግቶ ግማሽ ቀናችንን በላው። ዓለም ገናን አልፈን፣ አዋሽን ተሻግረን ወደ ደቡብ ስንወርድ አየሩ እየለሰለሰ መጣና ጋቢያችንን ከትከሻችን ላይ አወረድን። ጥያ ላይ «እነዚያ የታወቁት ትክል ድንጋዮች እዚህ ናቸው፣ ወርደን እንያቸው» አልኩ። ጋሽ ወርቅነህ አልወረዱም። «ድንጋይ እኛ ጋ ጠፍቶ ነው?» አሉ። መሪጌታ ብቻ ወርደው አጥሩ ጋ ጥቂት ቆሙና ኮፍያቸውን አንስተው ተመለሱ። ምን አዩ ብላቸው «የሰው መቃብር ነው» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ።

ቡታጅራ አመሻሽ ላይ ደረስን። ባጃጆቿ ከእኛዎቹ ይልቅ ይቸኩላሉ፤ ዛፏ ግን ብዙ ነው፤ በአጥሩ ሁሉ ላይ አቮካዶ ተንጠልጥሎ ሳይ እኔ አገር ላይ ቢሆን አንድ ሌሊት አያድርም ነበር አልኩ። ያደርንበት ሆቴል አስተናጋጇ ገና ሳንቀመጥ «ክትፎ?» አለች። ታኅሣሥ ነው፣ የነቢያት ጾም ነው። ጾመኞች ነን ስንላት እውነተኛ የሐዘን ፊት አሳየችን። «ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥታችሁ?» አለች። በያይነቱውን ስታመጣ ሽሮውን ሁለት እጥፍ አድርጋ ነበር፤ ስለቀረብን ክትፎ ልትክሰን የፈለገች ይመስላል።

አርብ

ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተንጠራርቶ ነው የተነሳው። ባትሪው ማርጀቱን አውቃለሁ፤ ከበዓል በኋላ እቀይረዋለሁ እያልኩ ነበር። ቡታጅራ ሞቅ ያለች ስለሆነች ይቅር ተባብለን ተነሳን።

ከከተማው ሳንወጣ ጎማ ፈነዳ። ጎሚስታው ሰው በዝቶበት ነበር፤ ተራ የያዙት ሰዎች ግን የጋሽ ወርቅነህን ሽበትና ነጭ ጋቢ አይተው «አባቶቹን አስቀድም» አሉት። ወዴት እንደምንሄድ ጠይቀው ለሽምግልና መሆኑን ሲሰሙ አንዱ የጥርስ መፋቂያ፣ አንዱ ሙዝ ሰጠን። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ወሬ ቢሰማ የማን ልጅ ናት ተብሎ ይመረመራል፤ እነሱ «አላህ ያሳካላችሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ከቡታጅራ ወደ አገና የሚወስደው መንገድ ዘቢዳር የሚባለውን ተራራ ይወጣል። ተራራ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ይሄኛው ግን መውጣቱን አያቆምም። እኩሌታው ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ድንጋይ ጎማው ሥር አድርገን እስኪበርድ ስንጠብቅ ጋሽ ወርቅነህ ትራክተር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ነገሩን። እንደገና ተነሳን፣ እንደገና ፈላ። ከላይ ስንደርስ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ሄዳ፣ ጉም ሜዳውን ይዞት ነበር። እንሰቱ ትንሽ ሆኖ ገብስና ድንች በዛ። ነፋሱን ሳሸተው ደብረ ብርሃን የተመለስኩ መሰለኝ። ጋቢያችንን መልሰን ለበስን።

አረቅጥ ከተማ ሳንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። መብራቴ የሚያሳየኝ የራሱን ብርሃን ብቻ ሆነ። በመንገድ ዳር አንድ ሰው በግ እየነዳ ሲሄድ አገኘንና ሆቴል ጠየቅነው። የእኔ እኩያ ነው፣ ሻሽ የጠመጠመ።

«ሆቴል አለ፣ አረቅጥ» አለ። «ግን በዚህ ጉም ገደል እንጂ ሆቴል አታገኙም። እኔ ቤት እደሩ።»

እንዲህ ነው ሸምሱን ያወቅነው። ቤቱ ክብ የሣር ቤት ነው፤ ከውጭ ስታየው ትልቅ፣ ስትገባበት ደግሞ ይበልጥ ትልቅ። መካከሉ ላይ እሳት ይነዳል፣ ከወዲያ ላሞቹ ያመነዥካሉ፣ ወለሉ ተለቅልቆ ያበራል። ባለቤቱ ዘይነባ ቆጮ በጎመን አቀረበችልን። መሪጌታ እጃቸውን ሳይሰዱ ትንሽ አመነቱ። ገባት።

«ቅቤ የለውም አባቴ» አለች። «ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ናቸው፤ ጾም መሆኑን እናውቃለን። የናንተን ለብቻ በዘይት ነው የሠራሁት።»

ጾም በመሆኑ በውስጤ አመሰገንኩ፤ በሥጋ ጊዜ ቢሆን እነሱም እኛም ባፈርን ነበር። ቆጮን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው እንጀራ አይደለም ብሎ ያዝናል፤ ሁለተኛ ሲጎርስ ደግሞ እንጀራን ይረሳል። ጋሽ ወርቅነህ «ይሄ ሆድ ይይዛል» አሉ፤ ከእሳቸው ትልቅ ምስጋና ነው።

ወዴት እንደምንሄድና የተላከብንን ቃል ነገርነው። ሸምሱ «ዘርጋ? የአገናው?» አለ። «አውቀዋለሁ። ገበያ እንገናኛለን። ኮስታራ ነው፣ ግን ቃሉ አንድ ነው። ጠዋት ካለ ጠዋት ነው።» ቅርብ ነው፣ ማልዳችሁ ብትነሱ ታላላቆቹ ሳይቀመጡ ትደርሳላችሁ ብሎ አጽናናን። መኪናዋ ብርድ እንዳይመታት ኮፈኑን ከጫንኩት ብርድ ልብስ በአንዱ ሸፈንኩት። ሸምሱ በላዩ ላይ የእንሰት ቅጠል ደረበበትና ሳቀ። «ከኔ ይልቅ እሷ ተሸፈነች» አለ።

ቅዳሜ

ገና ሳይነጋ የሆነ ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። ኧኧኧ ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ኧኧኧ ይላል። የጋሽ ወርቅነህ መደብ ባዶ ነው። ኮቴን ስፈትሽ ቁልፉ የለም። ጫማዬን አጥልቄ እስክነሳ ድምፁ ቀጠነ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

ጋሽ ወርቅነህ እጃቸውን እያሹ ገቡ። «መኪናህ በርዷታል» አሉኝ። «ሞቃ እንድትጠብቃችሁ ብዬ ነበር፣ እምቢ አለችኝ።» እሳቱ ጋ ሄደው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ላይ ደግ የሠራ ሰው ደስታ ነበር።

ወጣሁ። ሜዳው ሁሉ ነጭ ነው፤ ሣሩ ጨው የተበተነበት ይመስላል። ከእግሬ ሥር ይሰባበራል። እንዲህ ያለ አመዳይ እኛ ጋም በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚታየው። የመኪናዋን በር ስከፍት የፊት መብራቷ ማብሪያ እንደተከፈተ አየሁ። ለማየት ብለው አብርተውት እዚያው ረስተውታል። ከፊት ሄጄ ሳይ መብራቶቹ ሊከስም እንደቀረበ ፍም ቀልተው ነበር። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለና ዝም አለ።

የናፍታ ሞተር በብርድ ጊዜ ወግ አለው። ቁልፉን ግማሽ ታዞራለህ፣ ውስጡን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች እስኪግሉና ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ነው የምታስነሳው። ጋሽ ወርቅነህ ይህን ሳይጠብቁ ያን አሮጌ ባትሪ እስኪሞት ረግጠውታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን አፍሳሹ ሌላ ለቃሚው ሌላ ሆነ።

ተናደድኩ። ደሜ ጆሮዬ ድረስ መጣ። እህቴ ትዝ አለችኝ። ቀና ስል ሸምሱ አጥሩ ጋ ቆሞ ያየኛል፤ ከሱብሂ ሶላት እየተመለሰ ነው።

«ብዙ ሞከሩ» አለኝ በቀስታ። «ተው ልላቸው ፈራሁ፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

መሪጌታም ከኋላዬ መጡ። ማብሪያውን አሳየኋቸው። ማብሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ሆድ ይፍጀው» አሉ። መብራቱን አጠፋሁና ተመልሼ ገባሁ።

«ባትሪው ነው?» አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ።

«ብርዱ ነው ጋሼ። ናፍታ እንዲህ ነው።»

«አላልኩም?» አሉና ለዘይነባ ስለ ትራክተር ይነግሯት ጀመር። ያኔ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። እውነቱን ለመናገር ዝም ያልኩት ከደግነት ብቻ አይደለም። የዚያን ቀን አፋችን እሳቸው ናቸው፤ ጥፋታቸውን ቢያውቁ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚውሉት፤ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ ልጅ መጠየቅ አይችልም።

ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ሸምሱ ባሳየኝ ጉብታ ላይ ወጥቼ ሄኖክን አገኘሁት።

«አጎቴ፣ ትዕግስት ደውላ ነበር። ታላላቆቹ ተቀምጠዋል አለችኝ። የት ደረሳችሁ?»

«ቅርብ ነን» አልኩት። ከላይ ሆኜ መኪናዬን ሳያት ብርድ ልብሷን ለብሳ ተኝታለች።

በዚያ አገር በየቤቱ ፊት ሰፊ የሣር መንገድ ይዘረጋል፤ ጀፎሮ ይሉታል። የሁሉም ነው፣ ማንም አያጥረውም፣ አያርሰውም፤ ሰርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መሬት ቢገኝ በማግስቱ ካርታ ይወጣበት ነበር። የሸምሱ ሰፈር ጀፎሮ ወደ ታች ያዘነብላል። «በግፊ ትነሳለች» አለ ሸምሱና በየአጥሩ እየሄደ ተጣራ። ሰው ጋቢውንና ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጎማው ሣሩን ያርሰዋል ብለው ቆሙ። በቋንቋቸው ተነጋገሩ። በኋላ ሸምሱ እንደነገረኝ «ለሰርግ ነው» ሲባሉ «ታዲያ የተዘረጋው ለዚህ አይደል» ብለው እሳቸውም ሊገፉ መጡ።

ገፉ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ጎማው መዞሩን ትቶ በአመዳዩ ላይ ተንሸራተተ። አሥር ሰው ወደ ፊት ገፍቷት ጎኗን ሰጥታ ቆመች። መልሰን ወደ ላይ አወጣናት፤ መውጣቱ ከመውረዱ ይከብዳል፤ በዚያ ብርድ ሰው ላበው። ጋሽ ወርቅነህ አንጋፋው እኔ ነኝ አልቀርም ብለው በከዘራቸው ጫፍ ከኋላ ይገፉ ነበር። መሪጌታ «ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉ፤ እሳቸው ግን እንደማንም ትከሻቸውን ሰጥተው ነው የገፉት።

ዘይነባና ጎረቤቶቿ ከየምድጃቸው አመድ አመጡና ጎማው በሚያልፍበት ላይ ነሰነሱት። ሌላዋ ሴት በማንቆርቆሪያ ፍል ውሃ ይዛ መጣች፤ ጨርቅ እየነከርን ሞተሩን አለበስነው። በዚህ መካከል ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ አለች። እኔ የማየው ሰዓቴን ብቻ ነው። በሦስተኛው ግፊት አመዱ ጎማዋን ያዘው፣ ሞተሩ ሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተነሳ።

ማንም አልጮኸም። እጃቸውን በሣሩ ላይ ጠረጉና ሁለት ሦስቱ ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። ጋሽ ወርቅነህ ቆመው መረቁ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። እኔ እግሬን ከነዳጁ ላይ ለማንሳት ፈርቼ ከመኪናው ሳልወርድ ነው የተሰናበትኳቸው። ለዘይነባ ኮፈኑን የሸፈንኩበትን ሳይሆን አዲስ ብርድ ልብስ በመስኮት አቀበልኳት።

ሸምሱ ሁለት ጎረቤቶቹን ይዞ ከኋላ ወጣ። የት ነው ስለው «መንገድ ላይ ብትጠፋ ማን ይገፋላችኋል?» አለ። የቀሩትን ብርድ ልብሶች ተከናንበው ተቀመጡ።

ወደ አገና ቁልቁል ነው። ብርዱ እየቀረ፣ እንሰቱ እየወፈረ መጣ። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ከቆምኩበት እያስጮህኩት እጠብቃለሁ፣ ጋሽ ወርቅነህ «ናፍታ አታቃጥል» ይሉኛል። እሺ ጋሼ እላለሁ። አንደበታቸውን ለማለማመድ ይሁን ሌላ፣ የሚናገሩትን በለሆሳስ ይሉ ነበር፤ የአያቶቻችንን ስም፣ የቤታችንን ደግነት፣ አንድ ሁለት ቅኔ የመሰለ ነገር።

የአቶ ዘርጋ አባት ቤት ስንደርስ ረፍዷል። ግቢው ውስጥ ሰው ተቀምጦ ጨርሷል፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዲት ታላቅ እህታቸው፣ የልጅቷ እናት። አቶ ዘርጋ አጭር፣ ኮት በጋቢ የደረቡ ሰው ናቸው። ተነስተው ተቀበሉን፣ ሰላምታቸው ግን የግዴታ ነበር። ሸምሱና ሰዎቹ በሩ ጋ ቀሩ። ጋሽ ወርቅነህ እንደ አገራችን ወግ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙና ከዘራቸውን አስተካከሉ። አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ዘርጋ እጃቸውን አነሱ።

«ይቅርታ አባቴ። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ውጭ የሚጮኸው መኪና የእናንተ ነው?»

«የእኛ ነው» አልኩ።

«አርፍዳችሁ መጣችሁ፣ ግድ የለም፣ መንገድ ነው። ሞተር ሳያጠፋ ሽማግሌ የሚገባበት አገር ግን አላውቅም። ከዚህ በኋላ የምትቸኩሉበት ሌላ ቤት አለ?»

«ይቅርታ ያድርጉልን። ብርዱ ባትሪያችንን ጨርሶብን ነው። ካጠፋነው አይነሳም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ብርድ?» አሉ። «ይሄ ሁሉ መኪና በዚህ አገር ሲያድር ብርድ ጨረሰው ሲባል አልሰማንም።» የልጅቷ እናት መሬት መሬት አየች። ጋሽ ወርቅነህ «የናፍታ ጠባይ ነው» ሊሉ ጀመሩ፣ ማንም አልሰማቸውም። የእህቴ ቃል መጣብኝ። አቶ ዘርጋ የሚፈልጉት የሚያምኑት ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቃሌ ዋሾ መሰልኩ።

ሸምሱ ከበሩ ጋ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ «እንግዶቹም ይስሙት» ብሎ ወደ አማርኛ ዞረ።

«ዘርጋ፣ ታውቀኛለህ።»

«አውቅሃለሁ። አንተ ደሞ ከእነሱ ጋር ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልገፋ ነዋ።» አንድ ሰው ሳቀ። ሸምሱ ግን አልሳቀም። «ብርድ አይደለም የጨረሰው። እኝህ አባት ናቸው። ከሶላት ስመለስ አየኋቸው፤ መብራቱን አብርተው፣ ቁልፉን ይዘው። ለደግ ብለው ነው፣ ለልጆቼ ላሙቅላቸው ብለው። ከዚያ ይሄ ሰውዬ ወጣ፣ አየ፣ ፊቱ ጠቆረ። አሁን ይጮህባቸዋል ብዬ ቆምኩ። ወላሂ፣ የኔ ወንድም እንዲህ ያለ ቀን ባትሪዬን ቢገድል ሰፈሩ በሙሉ ይሰማኝ ነበር። እሱ ግን መብራቱን አጠፋ፣ ገባና ብርዱ ነው አላቸው። ይኸው አንተ ፊትም ብርድ ነው ይላል። እኔ አገራቸውን አላውቅም፣ ዘራቸውን አላውቅም። የጠየቅከው ቤታቸውን ከሆነ ግን፣ እኔ አብሬያቸው አድሬ አይቻለሁ።»

ጋሽ ወርቅነህ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ?» አሉኝ።

መሬት አየሁ። መሬት ማየቴ ነገራቸው። እሳቸውም ከዚያ ቁመታቸው ቀስ እያሉ ወርደው ማንም ሳይጋብዛቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወጉ ፈረሰ። የፈራሁት ደረሰ፣ አፋችን ተዘጋ አልኩ።

ከዘራቸውን ተመርኩዘው እንደገና ተነሱ።

«ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር» አሉ ለአቶ ዘርጋ። ድምፃቸው የወትሮው አይደለም። «አባቶቻችንን ላወድስልህ ነበር። አሁን ጠፋኝ፣ ቢገኝም አያስፈልግም። ልጅህን ስጠን የምንልህ የሽማግሌን ጥፋት ለብርድ ለሚሰጥ ቤት ነው። እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት። ሌላ የምለው የለኝም።»

አቶ ዘርጋ ወደ ታላቅ እህታቸው ዞረው በቋንቋቸው ተነጋገሩ። እህትየዋ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ ትዕግስት የሚለውን ስም ብቻ ለየሁ። እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ውጭ ሞተሬ ይንደቀደቃል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮሆ አያውቅም።

«አባቴ፣ ይቀመጡ» አሉ አቶ ዘርጋ በመጨረሻ። ሸምሱንና ሰዎቹንም በእጃቸው ጠርተው አስገቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ኮስታራው ፊት እንዳለ ነው፣ ዓይናቸው ብቻ ተለውጧል።

«አንተም ውጣና መኪናህን አጥፋ» አሉኝ። «ስትሄዱ የሚገፋችሁ ሰው አላችሁ።»

ወጥቼ አጠፋኋት።